ያዢው እንጂ አትጫኚው

ጠዋት ስንነሳ በቤታችን መጀመሪያ የሚታየው ፊት አይደለም፤ የልጄ የየሺመቤት የግራ ክንድ ነው። መስኮቱ አጠገብ ቆማ እጅጌዋን ትሰበስባለች፣ እኔ መነጽሬን አድርጌ የፕላስተሩን ዳር በጣቴ እዞረዋለሁ። ዳሩ ካልተነሳ ቁርስ ይቀርባል። ከተነሳ ቁርስ የለም፤ መቀስ፣ ጥጥ፣ አልኮልና ንትርክ ነው። እንዲህ መኖር ከጀመርን ወር ሊሞላን ነው፣ ትዕግስቴም ተሟጧል።

ሶልያና እባላለሁ። ጉልበቴ እስኪከዳኝ ድረስ ስፖርት አስተማሪ ስለነበርኩ የቆቦ ሰው «የስፖርቷ» ይለኛል። ቁጭ ብሎ መጠበቅ አልችልበትም። እጄም ከባድ ነው፤ በር ስዘጋ ጎረቤት ይሰማል፣ የጨበጥኩት ሰው ጣቶቹን ይቆጥራል። ይህን ለጉራ አልተናገርኩትም፣ በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

የሺ ስኳር አለባት፣ ከልጅነቷ ጀምሮ። ክንዷ ላይ ሴንሰር፣ ጭኗ ላይ ፓምፕ ተለጥፏል። ሴንሰሩ ይለካል፣ ፓምፑ ኢንሱሊን ይሰጣል፣ ሁለቱም ያዩትን ሁሉ ለጤናው ማዕከል ይናገራሉ። ዛሬ ለማዕከሉ የማይናገር ገላ የለም። ጤነኛዋ እኔም ከጆሮዬ ጀርባ ምስር የምታክል ሴንሰር አለችኝ፣ ስትቆጣኝ ትሞቃለች። የእኔ ብትወድቅ ግን ይመክሩኛል። የእሷ ከወደቀ ይወስዷታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። ማዕከሉ ይህን ወግ ሊያጠፋው ሞክሮ ስላልቻለ ፈቃድ አደረገው። ነፍሰ ጡሯ ትስስሯ እስካልተቋረጠ ድረስ እናቷ ቤት ትቀመጣለች። ሴንሰሯ ዝም ካለ ማዕከሉ ጥቂት ይጠብቅና «ጠፍተዋል» ይላል። ሦስት ጊዜ የጠፋችን ሴት ባዶዋ መኪና መጥታ ትወስዳታለች። ባዶ የምንላት ሹፌር ስለሌላት ነው። ነጭ ናት፣ ቀስ ብላ ትነዳለች፣ በሰፈር ስታልፍ «እንደምን ዋላችሁ» ትላለች። ሰላምታ የማይነሳው የቆቦ ሰው ለእሷ አይመልስም።

የሺ ሁለት ጊዜ ጠፍታለች። አንዴ ከምትኖርበት ከአዳማ ስትመጣ መንገድ ላይ በላብ፣ አንዴ ደግሞ የእኔው የጓዳ በር መቃን ክንዷን ገጭቶ። የቀረችን አንዲት ናት።

መኪናዋ የምትወስደው ተራራው ላይ ወዳለው ሕንፃ ነው። እዚያ ማንም ማንንም አይበድልም፣ በሐሰት አልናገርም። የሺን የወለድኩት እዚያ ነው። ክፍሉ ንጹሕ፣ አልጋው ምቹ ነበር። ሰው ግን አልነበረም። ግድግዳው «በርቱ፣ ወይዘሮ ሶልያና፣ በርቱ» ይለኛል፣ እናቴ ከመስታወቱ ወዲያ ቆማ አፏ ይንቀሳቀሳል፣ አልሰማትም። የምይዘው እጅ ፈልጌ አጥቼ የአልጋውን ብረት ያዝኩ። ሲያበቃ ግድግዳው «እንኳን ማርያም ማረችዎ» አለኝ። ማን እንዳስተማረው እንጃ። ያንን ቃል ከእናቴ አፍ ለመስማት ከዚያ እስክወጣ አርባ ቀን ጠበቅኩ፣ ያኔም ዘግይቶ ነበር። የሺ እንደዚያ እንድትወልድ አልፈልግም። ሌላ ጉዳይ የለኝም።

የሺ ስትመጣ አንድ ሻንጣ ልብስና አንድ ሻንጣ ፕላስተር ይዛ መጣች። ሻንጣውን አልጋው ላይ ስትዘረግፈው «ሱቅ ልትከፍቺ ነው?» አልኳት።

«ሳቂ ሳቂ» አለች። «የሚበቃኝ መሰለሽ?»

አልበቃትም። ሰኔ ድሮ የክረምት መግቢያ ነበር ይላሉ፤ አሁን የሰኔ ጠዋት ከግንቦት ቀትር ይብሳል፣ ሰው ተቀምጦም ያልበዋል። አዳማ ላይ ሳምንት የያዘው ፕላስተር ቆቦ ላይ ለምሳ አይደርስም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያሳለፍነው በመምረጥ ነው። ዘመዶች ሊጠይቋት እየመጡ እኛ እነሱን ትተን የክንድ ዳር እናያለን።

ለሁሉም ስም አወጣሁላቸው። ግልጹን «ላስቲኩ» አልኩት። ስስ ነው፣ ከሥሩ ያለው ቆዳ ይታያል፣ ገላ ስትታጠብም ደንታ የለውም። ግን ላቡን አያስወጣም፤ ከሥሩ ውሃ ይቋጥርና ከቀትር በኋላ ብትነኪው ይንሸራተታል። የጨርቁን «ጅቡ» አልኩት። እሱ ከያዘ ያዘ ነው፣ ላብም ያሳልፋል፣ ሲነሳ ግን ቆዳ ይዞ ይነሳል። ጥቂት ቀን አድርጋው ክንዷ በርበሬ መሰለ። ወፍራሙ «ትራሱ» ሆነ። ለቆዳ ደግ ነው፣ በር ቢገጨው እንኳ ይመክታል፤ ዳሩ ግን በሙቀት እየቀለጠ ይጠቀለልና የቆቦን አቧራ ሁሉ ሰብስቦ ጥቁር ቀለበት ይሠራል። አራተኛው ለስላሳው ነው፣ «ሙሽሪት»። አያሳክክም፣ አይቆጣም፣ ብቻ ምንም ሳይናገር ተነስቶ ይሄዳል።

«ጅቡን አድርጊና ይብቃን» አልኳት አንድ ቀን። «የሚይዘው እሱ ነው።»

«እማዬ፣ ቆዳዬ አለቀ እኮ። ቅያሪ የለኝም።»

«ለልጅሽ ስትይ ቻይው።»

«ልጄም ሲመጣ በዚሁ ክንድ ነው የማቅፈው» አለችኝ።

ተነስቼ ግቢውን ዞርኩ። ስሸነፍ እዞራለሁ።

ክንዷን ያየ ይገባዋል። ከትከሻዋ እስከ ክርኗ ነጣ ነጣ ያሉ አራት ማዕዘኖች አሉ፣ አንዱ በአንዱ ላይ የተደረበ፣ ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ የተለጠፈው ሁሉ የተወው። ሆዷና ጭኗም እንደዚሁ ነው። ገላዋ ላይ ፕላስተር ያልነካውን ቦታ ስንፈልግ እንደ መሬት ቀያሽ እንለካለን፤ እዚህ ቆስሏል፣ እዚህ ጠንክሯል፣ እዚህ ገና አላረፈም። ከዚያ ደግሞ ታካለች። በጥፍር አይደለም፣ ጥፍር ክልክል ነው፤ በመዳፏ ዳር ዳሩን መታ መታ ታደርጋለች፣ ቀኑን ሙሉ። ቤቱ ውስጥ መታ መታ ሲሰማ እኔን ያሳክከኛል።

በመጨረሻ የተስማማነው በሁለት ነው፤ ከሥር ሙሽሪት፣ ከላይ ጅቡ። ሙሽሪትን መሐሏን ቀድደን ሴንሰሩን አስገብተን ቆዳዋ ላይ አሳረፍናት፣ ጅቡን በክብ ቆርጠን ከላይ ደረብንበት። ጥግ የለውም፤ ጥግ ያለው ነገር በልብስ ይያዛል። ከዚያ ሙጫው እንዲነቃ መዳፍን አሙቆ ማሳረፍ ነው። ያዘ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አምስት ቀን። እኔም ትንሽ ተነፈስኩ።

«አንድ ሕግ አለ» አለችኝ የሺ። «ቆዳዬ ደረቅ ይሁን። ሎሽን፣ ዘይት፣ ቅቤ አጠገቤ አይድረስ። ሙጫ የሚፈራው ቅባትን ብቻ ነው። አሮጌውን የማነሳውስ በዘይት አይደል?»

ሁለተኛውን ሕግ የተማርኩት ደንግጬ ነው። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ጋደም ባለችበት መስኮቱ ላይ ያለው ሳጥን ጮኸ። ሳጥኑን ማዕከሉ የቤት ፈቃድ ላገኘች ሁሉ ይልካል። ዓይን የለውም፣ ጆሮና አፍ ብቻ ነው። «ወይዘሮ የሺመቤት፣ ስኳርዎ በፍጥነት እየወረደ ነው» አለ። የማር ውሃ በጥብጬ ስሮጥ ግማሹን ደረቴ ላይ ደፋሁት። የሺ ዓይኗን ገልጣ ጣቷን ወጋች፣ ደሟን አየች፣ መልሳ ተኛች።

«ደህና ነኝ። ክንዴ ላይ ተኝቼበት ነው።»

«እና ይኼ ለምን ይዋሻል?»

«አይዋሽም፣ ሲጫኑት ይሳሳታል። ደም ከሥሩ ይሸሻል፣ እሱ ደግሞ ስኳሬ የወረደ ይመስለዋል። ስለዚህ ስትነኪው ያዢው እንጂ አትጫኚው። ያንቺን እጅ ስለማውቅ ነው።»

«የኔ እጅ ምን ሆነ?»

«ምንም» አለችና ሳቀች።

እኔና እሷ የምንጣላው በእጅና በቅባት ብቻ አይደለም። እኔ ሳጥኑን እሰድበዋለሁ፣ እሷ ትከላከልለታለች። «እማዬ፣ ይኼ ነገር ባይኖር እኔ ዛሬ የለሁም። አንቺ የሚታይሽ መኪናዋ ናት፣ እኔ የሚታየኝ በልጅነቴ ስንት ጠዋት ነቅቼ መነሳቴ ነው።» እውነቷን ነው። ስለዚህ ነው የሚያናድደኝ። ውሸት ቢሆን በተገላገልኩ።

ከግንቡ ወዲያ ሃያት አለች። ሃያት አብራኝ ያረጀች ጎረቤቴ ናት፤ የእኔን ፋሲካ እሷ፣ የእሷን ዒድ እኔ እናከብራለን። ገጠር ዘመዶቿ ለጋ ቅቤ ይልኩላታል፣ ለየሺ መውለጃም አንድ ቅል ሙሉ አስቀምጣ ነበር። ስለ ቅባቱ ሕግ ስነግራት «ታዲያ ልጅቷ ምን ልትሆን ነው፣ እንጨት?» አለችኝ። ሳቅን። የተግባባን መሰለኝ።

ያን ቀን ጠዋት ክንዱን አየሁ፣ ዳሩ አልተነሳም፣ ቁርስ በላን። የሺ ወገቤን ቆረጠመኝ አለች፣ ቀኗ ገና ነው ብዬ ነገሩን ናቅኩት። ቤት መቀመጥ ስላቃተኝ አልኮልና ጥጥ ልገዛ ወጣሁ፤ ጥጡ አላለቀም፣ መውጣት ፈልጌ ነው። ስመለስ ከበሩ ጀምሮ ቅቤ ሸተተኝ።

የሺ የአልጋውን ትራስ አቅፋ ተንበርክካለች፣ ቀሚሷ እስከ ወገቧ ወርዷል፣ ሃያት ከኋላዋ ሆና ከትከሻዋ እስከ ወገቧ በቅቤ ታሻታለች። ቅቤው በሙቀቱ ቀልጦ በክንዷ ይወርዳል።

«ሃያት! ምን አደረግሽ?»

«ምን አደረግኩ?» አለች እጇን ሳታቆም። «ምጥ የያዛት ሴት ወገቧ በቅቤ ሳይታሽ በምን ሊታሽ ነው?»

«ምጥ?»

«አንቺ እናቷ አይደለሽም? ሴትዮ፣ የት ነበርሽ?»

የሺ ቀና አለች። ፊቷ ላብ በላብ ነው። «እማዬ፣ ደስ ሲለኝ ዝም አልኩ» አለች። «ሲያሹኝ በጣም ደስ አለኝ። ክንዴን ረሳሁት።» ሴንሰር ከተለጠፈባት ጀምሮ ክንዷን ስትረሳ ሰምቼ አላውቅም።

ተቆጥቼ ልጮህ አፌን ከፈትኩና ክንዱን ሳየው ዋጥኩት። ጅቡ ዳሩ ተነስቷል። ቅቤው ገብቶበት ከግማሽ በላይ ለቋል፣ ሙሽሪት ከሥር ተጨማድዳለች፣ ሴንሰሩ ዘንበል ብሎ ተንጠልጥሏል። ቆዳዋ ውስጥ ያለችው የሴንሰሩ ቀጭን ክር ግን ገና አልወጣችም። ሳጥኑ ዝም ብሏል፤ ሴንሰሩ ገና ይናገራል ማለት ነው። ሌላ ሴንሰር የለንም፤ ማዕከሉ የሚልከው ቀኑ ሲደርስ ነው። ይቺ ክር ከወጣች የሺ ሦስተኛዋን ጠፋች፣ ባዶዋ መኪናም ምጥ ላይ ያለችዋን ልጄን ጭና ትሄዳለች።

በጥጥ አበስኩ። አዲስ ጅብ ቆርጬ ለጠፍኩ፣ ተንሸራቶ እጄ ላይ ቀረ። ላስቲኩን ሞከርኩ፣ ትራሱን ሞከርኩ። አልኮል ላፈስ ስል የሺ «ከነከርሽው ይወጣል» አለች። የሻንጣው ፕላስተር ሁሉ ወለሉ ላይ ተበተነ፣ አንዱም የሚይዝ የለም። ሃያት ነጠላዋን ቀድዳ ክንዷን በጨርቁ አሰረችላት። ወዲያው ሳጥኑ «ስኳርዎ መውረድ ጀምሯል» አለ። ማሰሪያውን ፈታነው።

«እማዬ» አለች የሺ ጥርሷን ነክሳ፣ «በእጅሽ ያዢልኝ።»

«እኔ?»

«ያዢው እንጂ አትጫኚው።»

ከኋላዋ አልጋው ላይ ተቀመጥኩና ክንዷን በሁለት እጄ ከበብኩት። አንዱ መዳፌ ሴንሰሩን ከዳሩ ይደግፋል፣ ሌላው ከሥር ክንዷን ይሸከማል። እንቁላል እንደያዝኩ ነው። ትንሽ ከላላሁ ይወድቃል፣ ትንሽ ካጠበቅኩ ይዋሻል። ከዚያ መንቀሳቀስ ቀረ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፣ አልጠርገውም። ጉልበቴ ይነዝረኛል፣ አልዘረጋውም። እግሬ ራሱን ችሎ ወለሉን ይመታ ነበርና ሃያት ረግጣ አስቆመችው። ዕድሜዬን ሙሉ ልጆችን «ሩጡ» እያልኩ የኖርኩ ሴት እንዲያ ተተከልኩ።

ምጡ እየገፋ ሲመጣ የሺ በነጻ እጇ አንገቴን ያዘች። እኔ «ማርያም ማርያም» እላለሁ፣ ሃያት ከፊቷ ሆና «ያ ረቢ፣ አንተው አግራላት» ትላለች፣ ሳጥኑ በመሐል «በርቱ፣ ወይዘሮ የሺመቤት፣ በርቱ» ይላል። ያው የግድግዳው ድምፅ ነው። በሠላሳ ዓመት አላረጀም።

«አንተ ዝም በል» አልኩት።

«ንግግርዎ ተመዝግቧል» አለኝ።

የሺ ምጥ ላይ ሆና ሳቀች። ሳቁ ሳያልቅ ትልቁ ምጥ መጣባትና ጮኸች፤ እንደዚያ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም። እኔም ፈራሁ። ስፈራ ደግሞ እይዛለሁ፤ ልጅ ስትወድቅብኝ፣ ገመድ ሲያመልጠኝ፣ እጄ የሚያውቀው ይህን ብቻ ነው። ጨመቅኩት።

«ስኳርዎ በአደገኛ ፍጥነት እየወረደ ነው» አለ ሳጥኑ። «ኢንሱሊን አቁሜያለሁ። መኪና ልኬያለሁ።»

«ጣቷ ይታይ!» አልኩ፤ ሃያት መርፌውን አንስታ የየሺን ጣት ወጋች፣ ቁጥሩን አነበበችልን፣ ደህና ነው። ለሳጥኑ ጮኼ ነገርኩት። «የማምነው ሴንሰሩን ነው» አለ። ብዙም ሳይቆይ በር ላይ ጎማ ተሰማ፣ ከዚያ ያ የተረጋጋ ድምፅ፣ «እንደምን ዋላችሁ»።

ሃያት ወጥታ የመኪናዋን በር ልትዘጋ ገፋችው። መኪናዋ «እናመሰግናለን» አለቻትና መልሳ ከፈተችው። ከውስጧ የወጣው ቀዝቃዛ አየር በግቢው አልፎ እስከ አልጋው ደረሰ። በዚያ ሙቀት እንዴት እንደሚጥም ልነግራችሁ አልችልም፤ ጠላሁት።

«እማዬ» አለች የሺ። ራሷ ትከሻዬ ላይ ወድቋል። «እጅሽን ላላ አድርጊው።»

«ይወድቃል።»

«አይወድቅም። ላላ አድርጊው።»

እጄን ለማላላት የወሰደብኝን ጉልበት ድንጋይ ለማንሳት አላወጣሁትም። ጣቶቼን አንድ በአንድ ለቀቅኩ። ክንዷ በመዳፌ ውስጥ ቀረ፣ ሙቅና በቅቤ የራሰ። ከሥሩ የደም ሥሯ ሲመታ ተሰማኝ። ሳጥኑ ዝም አለ። ምጡም እንኳ ቆም ያለልን መሰለኝ።

«ቁጥሩ እየተስተካከለ ነው» አለ በመጨረሻ። «መኪናው ለጥንቃቄ በር ላይ ይቆያል።»

እንዲሁ ሆነን ቀጠልን። በሩ ተከፍቶ መኪናዋ ትጠብቃለች፣ ሃያት ትጎነበሳለች፣ እኔ እይዛለሁ። የሺ ስትገፋ እኔ አልጨምቅም፣ ስትጮህ አልጨምቅም። እያለቀስኩ ነበር፤ አላፈርኩበትም። ፀሐይዋ ከመስኮቱ ዘወር ስትል ሃያት «መጣች፣ መጣች፣ ራሷ መጣ» አለች፣ ከዚያ ቤቱ በሌላ ሰው ጩኸት ተሞላ።

ሴት ናት። ጥቁር ፀጉሯ ተለጥፎ፣ ፊቷ ተቆጥቶ፣ እግሮቿ ግቢውን ሊዞሩ የሚፈልጉ ይመስላሉ። ሃያት እልልታዋን ለቀቀችው። ሳጥኑ አፉን ሳይከፍት በፊት ወደ ልጄ ጆሮ ጎንበስ አልኩና «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አልኳት። ሳጥኑ ከእኔ በኋላ ደገመው። ቀደምኩት። ይህችን ቃል ለመቅደም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተዘጋጅቼባት ነበር።

እጄን ላነሳ ስል አልታዘዝ አለኝ። የሺ ቀስ ብላ ጣቶቼን አላቀቀቻቸው። ሴንሰሩ ያኔ ወደቀ፣ አልጋው ላይ፣ እንደ ልብስ ቁልፍ። «ጠፍተዋል» አለ ሳጥኑ፣ ቀጥሎም «ወልደዋል፤ የቤት ፈቃድዎ ተፈጽሟል፣ አዲስ ሴንሰር ተልኮልዎታል» አለ። ለካ መኪናዋ ይዛ ኖሯል የመጣችው። ሃያት ሄዳ ተቀብላ ተመለሰች፤ አንድ ትልቅ ካርቶንና አንድ ትንሽ ካርቶን።

ትልቁ የየሺ ነው። ቀኝ ክንዷን አጥበን አድርቀን አዲሱን ለጠፍነው፣ ጅቡን ከላይ፣ ሙሽሪትን ከሥር። የሺ ቁጥሯን አየች፣ በፓምፑ ራሷን አስተካከለች፣ ፈጥናና ተጠንቅቃ፣ እንደ ሁልጊዜዋ። ከዚያ ትንሿን ካርቶን ከፈተች። ውስጧ አንዲት ሴንሰር አለች፣ ከምስርም የምታንስ፣ አራት ትንንሽ ፕላስተሮችም አሉ። ግልጹ፣ የጨርቁ፣ ወፍራሙ፣ ለስላሳው። እያንዳንዱ የጣት ጥፍር ያክላል።

«ለአዲሷ ዜጋ እንኳን ደህና መጣሽ እንላለን» አለ ሳጥኑ። «ሴንሰሩ በግራ ክንዷ ላይ ይለጠፍ። ቆዳዋ ደረቅና ከቅባት የጸዳ መሆኑን ያረጋግጡ። የትኛውን ማጣበቂያ ይመርጣሉ?»

ሃያት በአንድ እጇ ሕፃኗን፣ በሌላው የቅቤውን ቅል ይዛ ቆመች። አራስ ልጅ በቅቤ ይታሻል፣ ከሃያት በፊትም ከእኔ በፊትም እንደዚያ ነው። ግን ጠዋት የሆነውን አልረሳችም፣ ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ የሺ አየሁ። በዚህ ነገር አፍ የለኝም። ማዕከሉ ልጄን ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ አኑሯታል፣ እኔ ግን አንድ ቀን ነው ክንዷን የያዝኩት።

የሺ የልጇን እግር ሳብ አድርጋ ተረከዟን በመርፌ ነካ አደረገች። ሕፃኗ ተቆጣች። የሺ የደሟን ጠብታ ለክታ ቁጥሩን አየች፣ ደግማ አየች። «ደህና ናት» አለች። «አጠባታለሁ፣ ቆይቼም ደግሜ አያታለሁ።» ከዚያ የሕፃኗን ክንድ በሁለት ጣቷ ያዘችና ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ላዩ ላይ ምንም የለም። አንድም ምልክት የለውም። አጠገቡ የእሷ ክንድ ነበር፣ ከነነጣ ነጣ ማዕዘኖቹ። ሁለቱን ለረጅም ጊዜ አየቻቸው።

«እትዬ ሃያት» አለች፣ «ይቀቧት።»

«የኔ ልጅ፣ ኋላ አይዝም እኮ።»

«አውቃለሁ። በደንብ ይቀቧት።»

ሃያት ቅቤውን በመዳፏ አሞቀችና ከክንዷ ጀመረች። ትንሿ ክንድ አብለጨለጨች። ሕፃኗ ማልቀስ አቆመች፣ መኪናዋ በር ላይ ቀዝቃዛ አየሯን እየተነፈሰች ነበር።

«ወይዘሮ የሺመቤት» አለ ሳጥኑ፣ «ምላሽዎን አልሰማሁም። የትኛውን ማጣበቂያ ይመርጣሉ?»

የሺ ልጇን ተቀብላ ደረቷ ላይ አስተኛቻት። በግራ እጇ ጀርባዋን ደገፈች፣ ሳትጫናት።

«ገና እየመረጥን ነው» አለች።

«እጠብቃለሁ» አለ ሳጥኑ።

እኔ ተነስቼ የግቢውን በር ዘጋሁት። ጎረቤት ሁሉ ሰማ።